የነገሌ አረቄ ገበያ እንጂ ስም የለውም

ደላላው በክብሪት ይመዝናል፤ ጥራቱን ግን ማን ይመዝን?

በአገራችን የመጠጥ ገበያ ማስታወቂያ ሳይነገርለት፣ የንግድ ምልክት ሳይለጠፍበትና ጠርሙስ ሳይገዛለት ዓመት ከዓመት የሚሸጥ ሸቀጥ ቢኖር የቤት አረቄ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አርሲ ነገሌ ደግሞ የዚህ ሸቀጥ ዋነኛ ምንጭ ከሚባሉት ከተሞች አንዷ ናት። አረቄው ከከተማዋ የሚወጣው በጀሪካን ሲሆን፣ አዲስ አበባ ሲደርስ "የነገሌ" ከመባል ያለፈ መታወቂያ የለውም። ማን እንዳወጣው፣ መቼ እንደወጣና በመንገድ ላይ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቅ ገዥ የለም። ዘጋቢያችን ወደ ስፍራው ተጉዞ ከአንድ አረቄ አውጪ ቤት ያየው ይህ ገበያ ለምን በጀሪካን እንደቀረ በከፊል ያስረዳል።

ከጓሮ እስከ ቅምሻ

ሥራው የሚጀመረው ከምድጃው ቀናት አስቀድሞ ነው። የተወቀጠ ጌሾ በውኃ ይዘፈዘፋል። ከቀናት በኋላ ብቅል ይጨመርበታል። ከዚያም የእህሉ ዱቄት ተቦክቶ ይጋገርና ቂጣው እየተቆራረሰ ከድፍድፉ ይቀላቀላል። ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል። ድፍድፉ በሚገባ ሲብላላ እሳት ላይ ይጣዳል። አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈሉ በመሆኑ አልኮሉ ቀድሞ ይተናል፤ እንፋሎቱም በቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ሲባል፣ እንደገና የወጣው ድግም ይባላል። ከዚህ ቀደም በላቦራቶሪ በተደረጉ ምርመራዎች የተራው የአልኮል መጠን በመቶ 34፣ የድግሙ ደግሞ በመቶ 46 አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ከጓሮው ጭስ ወደ ፊተኛው ክፍል ሲገባ ንግዱ ይጀመራል። አንድ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በሰሐን ቆሎና ሦስት መለኪያ ብቻ ያሉበት ይህ ክፍል የነገሌ የቅምሻ ክፍል ነው። ደላላው በመጀመሪያ ያሸታል። ቀጥሎ ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋው ምን ያህል እንደሚቆይ ይመለከታል። በመጨረሻም ጥቂት አፍስሶ ክብሪት ይለኩስበታል። ሰማያዊውን ነበልባል ካየ በኋላ ነው መለኪያውን አንስቶ ስለ ዋጋ የሚናገረው።

ችግሩ ክብሪቱ የሚናገረው ስለ ጥንካሬ ብቻ መሆኑ ነው። መርዛማው ሜታኖልም ይነዳል። ይህን የቤቱ ባለቤት ከማንም በላይ ያውቁታል። "ልጄ፣ ክብሪት የሚያውቀው መንደዱን ነው፤ ራስ የሚያዞረውንና የማያዞረውን ግን ምላስ ይለየዋል" ይላሉ።

ራሱን ማስቀረት ያከስራል

በየትኛውም አገር ጠንቃቃ አረቄ አውጪ የሚወርደውን ፈሳሽ በሦስት ይከፍለዋል። መጀመሪያ የሚወርደው ኃይለኛ ቢሆንም እንደ አሴታልዴሃይድ ያሉ ቶሎ የሚተኑ ቅመሞች የሚበዙበት ነው። መካከለኛው ለመጠጥ የሚፈለገው ነው። የመጨረሻው ደግሞ ውኃ የበዛበትና ጠረኑ የከበደ ነው። በስኮትላንድ የውስኪ ቤቶች የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተለይተው ከሚቀጥለው ጥድ ጋር ተመልሰው ይፈላሉ፤ ለበርሜል የሚተርፈው መካከለኛው ብቻ ነው።

"የመጀመሪያውን ለብቻው ቢያስቀሩት ምን ይሆናል፣ እትዬ?" ሲል ዘጋቢያችን ጠይቋቸው ነበር። "እሱን ባስቀር ደላላው 'ውኃ ነው' ብሎ ዋጋዬን ይሰብረዋል። ጎረቤቴ ሳታስቀር ትሸጣለች፤ እኔ አስቀርቼ ለማን ላቅርብ?" የሚል ነበር መልሳቸው።

የምጣኔ ሀብት ተማሪ ይህን መልስ ሲሰማ ጆርጅ አከርሎፍን ማስታወሱ አይቀርም። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ገዥው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት በማይችልበት ገበያ ለሁሉም አንድ መካከለኛ ዋጋ እንደሚሰጥ፣ በዚህም ምክንያት ጥሩውን የያዘ ሻጭ ከገበያው እንደሚወጣ አሳይቷል። ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የነገሌ ጀሪካን ከአሮጌው መኪና የሚለየው ስህተቱ ኪስን ብቻ ሳይሆን ጤናንም የሚነካ በመሆኑ ነው።

እህል፣ ማገዶና አተላ

የአረቄ አውጪዋ ወጪ በዋናነት ሁለት ነው፤ እህልና ማገዶ። የስኮትላንድ ፋብሪካዎች ከአንድ ቶን ብቅል 400 ሊትር ገደማ ንጹሕ አልኮል ያገኛሉ። በኩንታል ሲሰላ 40 ሊትር ማለት ሲሆን፣ በድግም ጥንካሬ ቢለካ ወደ 90 ሊትር ይጠጋል። በጓሮ ምድጃ ይህን ያህል ማግኘት አይታሰብም። ማቀዝቀዣው ውኃ ሲሞቅ እንፋሎቱ ሳይጠል ያመልጣል፤ የቱቦው መጋጠሚያ በሚገባ ካልተለሰነም የእህሉ ዋጋ አየር ላይ ይቀራል። ድግም ሲወጣ ደግሞ ያው ፈሳሽ ሁለተኛ ስለሚፈላ ማገዶው ይጨምራል። የማገዶው ሸክም በአካባቢው ደን ላይ መውደቁም ለከተማዋ ነዋሪ አዲስ ወሬ አይደለም።

በሌላ በኩል አተላው አይጣልም። ከብት አድላቢዎች ይወስዱታል። የአረቄው ዋጋ በወደቀበት ሳምንት ቤቱን የሚደግፈው የአተላው ገንዘብ እንደሆነ ባለቤቲቱ ይናገራሉ።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የፋብሪካው አረቄ ሌላ ሸቀጥ ነው። እንደ ፊንጫና መተሐራ ባሉ የስኳር ፋብሪካዎች ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ በሚወጣ አልኮል የሚሠራ፣ ኤክሳይስ ታክስ የሚከፈልበትና ምልክት የተለጠፈበት ነው። የቤቱ አረቄ በእህል ጣዕሙ ሊበልጠው ይችላል፤ በማስረጃ ግን አይወዳደረውም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣችው ሕግ የቤት አረቄ አውጪዎች ፈቃድ እንዲያወጡና ምርታቸውን ለመንግሥት ፋብሪካ እንዲሸጡ አዘዘች። ፋብሪካው እንደገና አጣርቶ "ዩጋንዳ ዋራጊ" በሚል ስም በጠርሙስ አቀረበው። ስሙ ታዋቂ ሆነ፤ የመንደሩ አረቄ ግን ከመንደሩ አልጠፋም። ኬንያ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2010 ቻንጋን ሕጋዊ አደረገች፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2014 ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ የበርካታ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ፈቃድ ብቻውን ጥራትን እንደማያመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1661 ጀምሮ ከልክላው የነበረውን ፖቺን የተባለ የገጠር አረቄ እ.ኤ.አ. በ1997 ፈቀደች። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት የቦታ መለያ ጥበቃ አገኘ። ዛሬ ትናንሽ ቤቶች በቅምሻ ክፍላቸው ለጎብኚ እያስቀመሱ በጠርሙስ ይሸጡታል። የገጠሩ መጠጥ በስሙና በትውልድ ቦታው ዋጋ አወጣ ማለት ነው።

ለባለሀብቱ የቀረበው ጥያቄ

ነገሌ ስም አላት፤ የሚጎድላት የስሙ ባለቤት ነው። አረቄ አውጪዎቹ ተደራጅተው ምርታቸውን በአንድ ቦታ ቢያስገቡ፣ በዚያም በመለኪያ መሣሪያ ጥንካሬው፣ በላቦራቶሪ ደግሞ ንጽሕናው ቢመረመር፣ የመጀመሪያውን ጠብታ ያስቀረች ሴት ከጎረቤቷ የተሻለ ዋጋ የምታገኝበት መንገድ ይከፈታል። የተሻለ ምድጃና ማቀዝቀዣ በጋራ መግዛትም ይቻላል።

መሰናክሎቹ ቀላል አይደሉም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ መጠጡም ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለሆነም አዲስ ስም የሚገነባው በማስታወቂያ ብዛት ሳይሆን በጠርሙሱና በቅምሻው ነው። ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ የተሸጋገረ ሁሉ ኤክሳይስ ታክስም ይጠብቀዋል፤ ጓሮ ከቀረው ጋር በዋጋ መወዳደርም ይከብደዋል።

ይሁን እንጂ ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ባለሀብቱ ስሙን አስመዝግቦ አረቄውን ከሞላሰስ አልኮል ቢያዘጋጀው "የነገሌ" የሚለው ቃል በጠርሙሱ ላይ ይቀራል፤ አረቄ አውጪዎቹ ግን ገበያቸውንም ስማቸውንም ያጣሉ። ስለዚህ ከጠርሙሱ፣ ከምልክቱና ከፋብሪካው ቦታ በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ ስሙ በማን እጅ ይመዝገብ የሚለው ነው።