ሙሉ ኔትወርክ እያሳየ ለምን አይሠራም?

ስለ ስልክና ታብሌት ኔትወርክ ከሚወሩት እምነቶች ሁሉ ሥር አንዲት እምነት አለች፤ በማያ ገጹ አናት ላይ የሚታዩት ትንንሽ መስመሮች የግንኙነቱን ጤንነት ይለካሉ የምትል። ሌሎቹ የሚወለዱት ከእሷ ነው። መስመሮቹ ሞልተው ኢንተርኔቱ አልከፍት ሲል «ሆን ብለው ዘግተውት ነው» ይባላል። ሲያንሱ «ስልኩ አርጅቷል» ይባላል። ዝናብ ሲጥል ከጠፉ ደግሞ ደመናው ይወቀሳል። መስመሮቹ ግን ሊነግሩን የሚሞክሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማማው ወይም የራውተሩ ሞገድ ስልኩ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል ጉልበት እንደቀረው። የስልኩ መልስ ማማው ዘንድ መድረስ አለመድረሱን፣ በዚያው ማማ ስንት ሰው እየተሻማ እንደሆነ፣ ከማማው ወዲያ ያለው መንገድ ደህና መሆን አለመሆኑን አያውቁም። ያንኑ አንዱን ነገርም ቢሆን በታማኝነት ይነግሩናል ማለት ያስቸግራል።

ለዚህ ከአምራቹ አፍ የወጣ ምስክርነት አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በጁን 2010 አይፎን 4ን ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ በስልኩ ዙሪያ የዞረው የብረት ጠርዝ ራሱ አንቴና ነበር። ከታች በግራ በኩል ያለችው ክፍተት በመዳፍ ስትሸፈን መስመሮቹ ዓይን እያየ ይወርዱ ጀመር፤ ወሬውም ዓለምን አዳረሰ። ኩባንያው በጁላይ 2 ባወጣው ደብዳቤ ስንት መስመር እንደሚታይ የሚያሰላው ቀመር ከመሠረቱ የተሳሳተ መሆኑን፣ በብዙ አጋጣሚም ሊታይ ከሚገባው ሁለት መስመር አብልጦ ያሳይ እንደነበር አመነ። ስህተቱ ከመጀመሪያው አይፎን ጀምሮ የነበረ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተለቀቀው ሶፍትዌር አንቴናውን ሊቀይር አይችልም፤ የቀየረው የመስመሮቹን አቆጣጠር ነው። የእጁ ችግር ግን እውነተኛ ስለነበር ስቲቭ ጆብስ በጁላይ 16 መግለጫ ሰጥቶ ለገዢዎች ነፃ የጠርዝ መሸፈኛ እንዲታደል አደረገ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው የአፕልን ጥፋት አይደለም። መስመሮቹን የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለመኖሩን ነው። የሞባይል ቴክኖሎጂን ደረጃዎች የሚያወጡት አካላት አንድ መስመር ስንት ነው ብለው አልደነገጉም፤ በአንድሮይድም መቁረጫ ነጥቦቹን የኔትወርክ ኩባንያው ራሱ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስልኮቻቸውን ጎን ለጎን ይዘው «ያንተ ሦስት፣ የእኔ አራት» ቢባባሉ ያወዳደሩት የሁለት ፋብሪካዎችን ልማድ ነው።

ትክክለኛው መለኪያ ዲቢኤም የሚባለው ቁጥር ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ በሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ በሚገልጸው ክፍል፣ በሲም ሁኔታ ሥር ይገኛል፤ አይፎን ላይ *3001#12345#* ብሎ መደወል ብዙ ዝርዝር ያሳያል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሞገዱ ይበረታል። በ4ጂ –80 ገደማ ጥሩ ሲሆን –110 ደካማ ነው። አቆጣጠሩ እንደ ተራ ቁጥር አይደለም፤ 10 በወረደ ቁጥር ጉልበቱ አሥር እጥፍ ይቀንሳል። ከ–80 ወደ –110 መውረድ እንግዲህ ሺህ እጥፍ መዳከም ነው። ይህን ሁሉ ልዩነት በአራት ወይም በአምስት መስመር ለማሳየት ሲሞከር፣ በአንዲት መስመር ውስጥ አሥር እጥፍ ልዩነት ቢደበቅ አያስገርምም።

ቁጥሩም ቢሆን ግማሹን ወሬ ብቻ ነው የሚያወራው። የእድር ጥሩምባ ነፊ ድምፁ መንደሩን ያዳርሳል፤ ከየቤቱ አቤት የሚለው ሰው ድምፅ ግን ነፊው ዘንድ ላይደርስ ይችላል። ማማው በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ይልካል፤ የ4ጂ ስልክ ግን ቢበዛ 0.2 ዋት ያህል ነው የሚያወጣው። ማማው ትልልቅ አንቴናዎችና ደካማ ሞገድ የሚለይ መቀበያ ስላለው ክፍተቱ በአብዛኛው ይሞላል፤ በማማው ሽፋን ጠርዝ አካባቢ ግን መሙላቱ ያበቃል። እዚያ ስልኩ ማማውን ይሰማል፣ መስመርም ያሳያል፣ ሲደወል ግን ጥሪው አይሄድም። እዚያው ቦታ ባትሪ ቶሎ የሚያልቀውም ስልኩ ለመሰማት ጉልበቱን እስከ መጨረሻው ስለሚያወጣ ነው። ባትሪው አልተበላሸም።

መስመሩ ሞልቶ፣ ማማውም ቅርብ ሆኖ ዳታ የሚቆምበት ሌላ ምክንያት ሕዝብ ነው። መስከረም 16 ቀን በመስቀል አደባባይ ደመራ ሲለኮስ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ያንኑም ወዲያው ለመላክ ይሞክራል። አንድ ማማ ያለው የሬዲዮ ቦታ ውስን ነው፤ ለመቶዎች የሚበቃውን አሥር ሺዎች ሲሻሙት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከምንም አይቆጠርም። በዚያ ሰዓት መስመሮቹ ሙሉ መሆናቸው ማማው በደንብ እየላከ ስለሆነ ነው፤ ወረፋውን የሚያሳይ ምልክት ግን ስልኩ ላይ የለም። እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ «በእርግጥም ኢንተርኔት ሆን ተብሎ የሚዘጋበት ጊዜ አለ» የሚል። አለ፤ በኢትዮጵያም በተደጋጋሚ ሆኗል። ሆኖም ሙሉ መስመርና የማይከፍት ገጽ ለመዘጋቱ ማስረጃ አይሆኑም፤ መጨናነቅም፣ የተቆረጠ ፋይበርም፣ ያለቀ ጥቅልም ስልኩ ላይ የሚያሳዩት መልክ ያው አንድ ነው።

የዝናቡ ጉዳይ ሰፋ አድርጎ ማየት የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ታዛቢው ያየው እውነት ሆኖ ምክንያቱን ብቻ ነው የሳተው። ክረምት ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ነገር ግን ስልኮች የሚጠቀሙባቸው የ900፣ የ1800 ወይም የ2100 ሜጋኸርዝ ሞገዶች በዝናብ ጠብታ የሚደክሙት እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ዝናብ ከባድ እንቅፋት የሚሆነው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ላሉ ሞገዶች ነው። ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? አንደኛው መብራት ነው። ነፋስና መብረቅ ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጡ ማማው በባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይቆያል፤ ባትሪው ሲያልቅ አካባቢው ሁሉ ይጨልማል፣ ስልኮቹም ራቅ ያለ ማማ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ሁለተኛው ከዓይን የተሰወረ ነው። ፋይበር ያልደረሰበት ማማ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በሁለቱ መካከል ፊት ለፊት በሚተያዩ ክብ ሳህኖች ነው፤ እነዚህ ከሚሠሩባቸው ሞገዶች ብዙዎቹ ከዚያ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ናቸው። ዶፍ ሲወርድ የሚደክመው የሳህኖቹ አገናኝ ስለሆነ፣ ስልኩ ከማማው ጋር በሰላም እየተነጋገረ፣ መስመሩም ሞልቶ፣ ማማው ራሱ ከዓለም ይቆረጣል። ስልክ መቀየር፣ ሲም አውጥቶ ማጽዳት ለዚህ ምን ይፈይዳል?

ግድግዳና ጣራ ግን ስማቸው ከሚነሳው በላይ ጥፋተኞች ናቸው። ቆርቆሮ ብረት ነውና ሞገዱን ይመልሰዋል፤ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚገባው በመስኮት፣ በበርና በጭቃው ግድግዳ በኩል ነው። ብረት የበዛበት አርማታ ከጭቃ ይከፋል። ከሁሉም የሚደንቀው መስታወት ነው፤ የሚያንጸባርቀው የዘመኑ ሕንፃ መስታወት ብዙ ጊዜ ቀጭን የብረት ቅብ ስላለበት፣ ከውጭ ሲታይ ክፍት የመሰለው ቢሮ ለሬዲዮ ሞገድ የተዘጋ ሳጥን ሊሆን ይችላል። ስልኩን ወደ ላይ ያነሳ ወይም ወደ መስኮት የተጠጋ ሰው ይስቁበታል እንጂ ያለ ምክንያት አይደለም የሚያደርገው። የሚሻለው ግን ብዙዎች እንደሚሉት ወደ ሳተላይት ስለቀረበ አይደለም፤ ተራ ጥሪና ዳታ የሚያልፉት በምድር ላይ ባለ ማማ ነው። ሞገዱ ከግድግዳ ከግድግዳ ተንጸባርቆ ሲመጣ አንዱ ቦታ ላይ ይደመራል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጠፋፋል። የ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ ከድካም ወደ ብርታት ለመሻገር ጥቂት ጣት ያህል መንቀሳቀስ ሊበቃ ይችላል።

መሣሪያውን በተመለከተ የሚባለው ከፊሉ እውነት ነው። ታብሌት ሰፊ ስለሆነ የተሻለ ይስባል የሚለው አያስኬድም፤ ጀርባው አልሙኒየም ከሆነ እንዲያውም ለአንቴናው መስኮት መተው ግድ ነው። በሲም የሚሠሩት የመጀመሪያዎቹ አይፓዶች ጀርባ ላይ ከላይ የነበረችው ጥቁር ፕላስቲክ ለዚህ ነበረች። ኔትወርክ ይጨምራሉ ተብለው ከባትሪው ሥር የሚለጠፉት ወርቅማ ስቲከሮች ከምንም ጋር ያልተገናኙ ስለሆኑ ምንም አይጨምሩም። ከአሜሪካ የተላከ ስልክ ኔትወርክ አይዝም የሚለው ግን ድሮ መሠረት ነበረው፤ የአሜሪካ የጂኤስኤም ስልኮች በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ሲሠሩ፣ ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ 900ንና 1800ን ነው የምትጠቀመው። የዛሬ ስልኮች አብዛኞቹ ብዙ ሞገድ ስለሚይዙ ችግሩ ቀንሷል፤ በኩባንያ የተቆለፈ መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ የዋይፋይ ምልክት ያንኑ ማታለል ይደግመዋል። መስመሮቹ የሚያሳዩት እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ነው፤ ራውተሩ ኢንተርኔት ይኑረው አይኑረው አይመለከታቸውም። አንዳንዴም ጥፋቱ ከሬዲዮ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2010 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አዲሶቹ አይፓዶች ኔትወርኩ በጊዜ ገደብ የሰጣቸውን አድራሻ ጊዜው ካለፈ በኋላም እንደማይለቁ ደረሱበት፤ ያ አድራሻ ለሌላ ሲሰጥ ሁለቱ ይጋጫሉ። ተጠቃሚው ያየው «ዋይፋዩ ይቆራረጣል» የሚል ችግር ነበር፤ መፍትሔው ግን ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ስልክና ታብሌት ከደከመ ራውተር ጋር ሙጭጭ ብለው የሚቆዩትም መቼ እንደሚለቁ የሚወስኑት ራሳቸው ስለሆኑ ነው። ኤርፕሌን ሞድ አብርቶ ማጥፋት ብዙ ጊዜ የሚረዳው በዚህ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው የያዘውን ለቅቆ እንደ አዲስ እንዲፈልግ ይገደዳል።

«ታዲያ ማጉያ ገዝቶ መገላገል ነዋ» የሚል አይጠፋም። ርካሹ የዋይፋይ ማጉያ በአንዲት ሬዲዮ ከራውተሩ ይቀበላል፣ ያንኑ በዚያው ቻናል መልሶ ይልካል፤ እያንዳንዱ መልእክት አየሩን ሁለት ጊዜ ስለሚይዝ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ መስመሮቹ ግን ጓዳ ድረስ ሙሉ ይሆናሉ። የሞባይል ማጉያ ደግሞ በደንብ ካልተሠራ ጫጫታውን ወደ ማማው መልሶ ይልካል፤ የገዛው ሰው ቤት አምስት መስመር ሲበራ የጎረቤቶቹ ጥሪ ይቆረጣል። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ለቤት የሚሸጡ ማጉያዎች ይህን የሚከላከል ደረጃ እንዲያሟሉና ተጠቃሚው በኔትወርክ ኩባንያው ዘንድ እንዲያስመዘግባቸው ያስገደደው ስለዚህ ነው።