ዋጋ የማይቀንሰው ደላላ

በሐምሌ አንድ ሌሊት፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ቤት ቤዝመንት ውሃ ሞላው። ጣሪያው አላፈሰሰም፣ ቧንቧም አልፈነዳም። ዶፉ ሲበረታ የፍሳሽ መስመሩ ጢም ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰና ውሃው በወለሉ ቀዳዳ ወጣ። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣው መሶብ ሁሉ አብሮ ዋኘ። የቤቱ እመቤት ገና ሳይነጋ የኢንሹራንስ ኤጀንታቸው ጋ ደወሉ። «ልጄ፣ እኛ ፉል ከቨር አይደለም እንዴ ያለን?»

የዚህ ማስታወሻ ባለቤት የሆነው ኤጀንት መልሱን ፋይሉን ሳይከፍት ያውቀዋል። የፍሳሽ መመለስ በመደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ውስጥ የለም፤ ተጨማሪ ተከፍሎ የሚገባ አንቀጽ ነው። ለእትዬም ገብቶላቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤታቸው «ሌላ ቦታ በርካሽ አግኝተናል፤ ካልቀነስክልን መሄዳችን ነው» ሲሉ፣ እሱም ደንበኛ እንዳያመልጠው ያንኑ አንቀጽ አንስቶ ዋጋውን አወረደላቸው። በስልክ ነግሯቸዋል፣ በኢሜይል ጽፎላቸዋል፣ እሳቸውም ፈርመዋል። ሕጉ እዚህ ላይ ያበቃል፤ እሱን ግን እስከ ዛሬ ይከነክነዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ኢንዲፔንደንት ኤጀንት ማለት የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ ሳይሆን የበርካታ ኩባንያዎችን ውል የሚሸጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። በሐበሻ አፍ ግን ዞሮ ዞሮ «ደላላ» ነው። ደላላ ደግሞ ከመርካቶ ጀምሮ የምናውቀው፣ በዋጋው ላይ የራሱን የሚጨምር፣ ሲጨቀጭቁት ደግሞ የሚለሳለስ ሰው ነው። ስለዚህ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሰላምታው በፊት፣ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ትቀንስልኛለህ?» ነው።

አይቀንስም። ቢፈልግም አይችልም።

ኩባንያዎቹ ተመናቸውን የሚያስመዘግቡት በየስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ለኢንሹራንስ ቢሮው። አንድ ደንበኛ የአንድን ኩባንያ ዋጋ ከሦስት ኤጀንት ቢጠይቅ፣ የሰጠው መረጃ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ የሚያገኘው ያንኑ ቁጥር ነው። ኮሚሽኑ ብዙውን ጊዜ ከአረቦኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ሲሆን አስቀድሞ በተመኑ ውስጥ ያለ ነው። «እንግዲያውስ ከራስህ ላይ መልስልኝ» የሚሉም አሉ። ኮሚሽንን ለደንበኛ መመለስ በሁለቱም ስቴቶች ክልክል ነው፤ ፈቃድ ያስነጥቃል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያስረዳ መቁጠር ካቆመ ቆይቷል።

«ያለ ደላላ ልግዛ» ለሚለውም ሰው መልስ አለው። የኢንሹራንስ ኩባንያው ጋይኮ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲመሠረት ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ በመሃል ሰው ሳይገባ ለመንግሥት ሠራተኞች በቀጥታ መሸጥ። ተሳክቶለታል። ነገር ግን በየቴሌቪዥኑ የምትንጎራደደው የጋይኮ እንሽላሊት በነፃ አትሠራም፤ የማስታወቂያውንም ወጪ የሚከፍለው ገዢው ነው። ስቴት ፋርም የራሱ ኤጀንቶች አሉት፤ እነሱም የእሱን ብቻ ይሸጣሉ። ኢሪ በተቃራኒው ያለ ኢንዲፔንደንት ኤጀንት አይሸጥም። ፕሮግሬሲቭ ሁለቱንም መንገድ ይጠቀማል፤ በቀጥታና በኤጀንት የሚሸጥባቸው ተመኖችም የተለያዩ ናቸው፤ አንዴ ይኸኛው ይረክሳል፣ አንዴ ያኛው። በደፈናው «በኦንላይን ይረክሳል» የሚባለው ታዲያ ከየት መጣ?

ዋጋ የሚወርድባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ቤትና መኪና አንድ ላይ ሲገቡ፣ ዲደክተብሉ (ደንበኛው ከጉዳቱ ላይ ከኪሱ የሚከፍለው) ሲጨምር፣ ኩባንያ ሲቀየር፣ ወይም ከውሉ ላይ አንድ ነገር ሲነሳ ነው። ኤጀንቱ ለሙያው የሚከፈለው በሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ኩባንያዎች አንድን ቤተሰብ በአንድ ዓይን አያዩትም። አንዱ ያረጀ ጣሪያ ሲያይ ይሸሻል፣ ሌላው ገና መንጃ ፈቃድ ያወጣ የ16 ዓመት ልጅ ሲሰማ ዋጋውን ይሰቅላል። ስቴቱም ለውጥ ያመጣል። ሜሪላንድ ለቤት ኢንሹራንስ የክሬዲት ታሪክን መጠቀም ከልክላለች፣ ቨርጂኒያ ግን ትፈቅዳለች፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቤት የገዛ ሰው ዋጋው ለምን እንደተለወጠ ሲጠይቅ አንዱ መልስ ይኸው ነው።

በአራተኛው መንገድ መቀነስ ግን ማንም ይችላል። ስልክ ላይ ሁለት ጊዜ መንካት ይበቃል። «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ በቴሌግራም የሚላክለት ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ያሳያል፤ ሽፋኑ የተዘረዘረበት ገጽ የለበትም። ገጹን ሲያስልከው በመኪና ኢንሹራንሱ ውስጥ በሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የገባው 15,000 ዶላር፣ ማለትም የሜሪላንድ ዝቅተኛ መጠን፣ ሆኖ ያገኘዋል። ቨርጂኒያ የራሷን ከጥር 2025 ጀምሮ 25,000 አድርሳዋለች። ዛሬ መንገድ ላይ ካሉት አዳዲስ መኪኖች ስንቶቹ በዚህ ገንዘብ ይተካሉ? በነገራችን ላይ «ፉል ከቨር» የሚባል ውል የለም፤ የትኛውም ኩባንያ በዚህ ስም የሚሸጠው ነገር የለም። ቃሉን ግን ኤጀንቶችም ለመሸጥ ሲቸኩሉ ይጠቀሙበታል፤ የዚህ ማስታወሻ ባለቤትም ተጠቅሞበታል።

ባለፈው ሳምንት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድርያ አንድ ወጣት ደወለ። የመኪናው ሞዴል፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ወደ ሥራ የሚነዳው ማይል ተጠየቀ፤ ሁሉንም መለሰ። ቀጥሎ «ኡበር ትሠራለህ?» ተባለ። አፑን ከፍቶ ጥሪ ለሚጠብቅ ሹፌር የግል ኢንሹራንሱ አይከፍልም፤ የኡበሩም ለሌላው ወገን እንጂ ለራሱ መኪና ጉዳት አይደርስለትም። ለዚህ ሰዓት የሚገባ ተጨማሪ አንቀጽ አለ፤ ዋጋውን ግን ከፍ ያደርገዋል።

«ጋሼ፣ እሱን ተወውና ዋጋውን ብቻ ንገረኝ» አለ ልጁ።

«ቁጥሩን የምነግርህ እሱን ስትነግረኝ ነው» አለው ኤጀንቱ። ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ የኡበር ጥሪ ድምፅ።