ጭማሪ መጠባበቂያ (ዳታቤዝ)

ጭማሪ መጠባበቂያ ወይም ኢንክሪመንታል ባክአፕ ማለት ቀደም ሲል ከተወሰደ ቅጂ ወዲህ የተለወጠውን የዳታቤዝ ክፍል ብቻ ነጥሎ የሚያስቀምጥ የመጠባበቂያ አሠራር ነው። ሙሉ መጠባበቂያ ግን የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም በአንድነት ይገለብጣል። ጭማሪ ቅጂ ለብቻው አይቆምም፤ ዳታቤዙን መልሶ ለማቋቋም የሚያገለግለው የተመሠረተበት ሙሉ ቅጂና በመካከል የተወሰዱት ጭማሪዎች ሳይጎድሉ ሲገኙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ በዋናነት ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን ነጻ የዳታቤዝ ሰርቨር በምሳሌነት ይወስዳል።

ለምን አስፈለገ

500 ጊጋባይት የሚመዝን ዳታቤዝ አለ እንበል። በየሌሊቱ ሙሉ ቅጂ ቢወሰድ በሳምንት 3,500 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። በቀን የሚለወጠው 10 ጊጋባይት ብቻ ከሆነና እሑድ ሙሉ ቅጂ፣ በቀሩት ስድስት ቀናት ደግሞ ጭማሪ ቢወሰድ ድምሩ 560 ጊጋባይት ይሆናል። ትርፉ የዲስክ ቦታ ብቻ አይደለም። በኔትወርክ የሚተላለፈው መረጃም ይቀንሳል፤ የኢንተርኔት መስመሩ ቀጭን ለሆነበትና ቅጂውን ወደ ሌላ ከተማ ለሚልክ ድርጅት ይህ ከቦታው ቁጠባ ሊበልጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ «የተለወጠው» የሚለካው ተጠቃሚዎች ባስገቡት መረጃ ብዛት አይደለም። ፖስትግሬስኪውኤል ሰንጠረዦችን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው መጠናቸው በመደበኛው 8 ኪሎባይት በሆነ ገጾች ከፍሎ ነው። ከአንድ ረድፍ አንድ ፊደል ቢታረም ገጹ በሙሉ እንደተለወጠ ይቆጠራል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውጤት ሰንጠረዥ ውስጥ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የአንድ ተማሪ ውጤት ብቻ ቢስተካከል፣ ጭማሪው ቅጂ የሰንጠረዡን ያህል ሊሆን ነው። ስለዚህ አሠራሩ ብዙ የሚያተርፈው ሰፊው ክፍል ሳይነካ በሚቆይ ዳታቤዝ ላይ ነው፤ ለውጡ በየቦታው በተበተነበት ዳታቤዝ ላይ ግን ጥቅሙ ያንሳል።

የተለወጠው ገጽ እንዴት ይታወቃል

ቀላሉ መንገድ ሁሉንም ገጽ ማንበብ ነው። እያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ የተለወጠው መቼ እንደሆነ የሚያመለክት የመዝገብ ተራ ቁጥር በራሱ ላይ ይዟል፤ ቁጥሩ ካለፈው ቅጂ ቁጥር ከበለጠ ገጹ ይገለበጣል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ የሚጻፈው ጥቂት ቢሆንም 500 ጊጋባይቱ በየሌሊቱ መነበቡ አይቀርም።

ሁለተኛው መንገድ ለውጦችን እየተከታተሉ መመዝገብ ነው። ፖስትግሬስኪውኤል ለዚህ የሚጠቀመው ድሮውንም የነበረውን የቅድሚያ መዝገብ ነው፤ ባለሙያዎች «ዋል» ይሉታል። ሰርቨሩ የሰንጠረዡን ገጽ በዲስክ ላይ ከመለወጡ በፊት ምን ሊለውጥ እንደሆነ በዚህ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ሰርቨሩ ቢወድቅ፣ ሲነሳ መዝገቡን አንብቦ ጸድቀው ሳለ በሰንጠረዡ ገጽ ላይ ገና ያልሰፈሩትን ለውጦች ይፈጽማል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የወጣው 17ኛው እትም ይህን መዝገብ የሚያጠቃልል ሂደት ጨመረ። ማጠቃለያው የትኞቹ ገጾች እንደተነኩ ብቻ ይይዛል፤ ቅጂ በሚወሰድበት ጊዜ ሰርቨሩ እሱን አይቶ የሚፈለጉትን ገጾች ይለያል። ማጠቃለያው ሲጫን ጀምሮ የሚሠራ ሳይሆን አስተዳዳሪው የሚያበራው ነው። በመደበኛው አሠራር ከ10 ቀን በላይ የቆዩ ማጠቃለያዎች ስለሚሰረዙ፣ በየሁለት ሳምንቱ ጭማሪ ለመውሰድ ያቀደ ሰው ይህን ጊዜ ካላራዘመ ሰርቨሩ ጥያቄውን አይቀበለውም።

መልሶ ማቋቋም

መልሶ የማቋቋሙ ሥራ የሚጀምረው ቅጂዎቹን በማዋሃድ ነው። ፒጂ ኮምባይንባክአፕ የተባለው ፕሮግራም ሙሉውን ቅጂና ጭማሪዎቹን በቅደም ተከተል ተቀብሎ አንድ ሙሉ ቅጂ ይሠራል። የእሑዱ ሙሉ ቅጂ፣ ከዚያም የሰኞ፣ የማክሰኞና የረቡዕ ጭማሪዎች አሉ እንበል። የማክሰኞው ፋይል ቢበላሽ የረቡዕ ጭማሪም ምንም አይጠቅምም፤ ማዋሃድ የሚቻለው እስከ ሰኞ ድረስ ብቻ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚያድነው በሌላ ቦታ የተጠራቀመው የቅድሚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ በመደበኛው 16 ሜጋባይት በሆኑ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ አስተዳዳሪው እያንዳንዱ ፋይል ሲሞላ ወደ ሌላ ማከማቻ እንዲገለበጥ ማድረግ ይችላል። ከሰኞ ወዲህ ያሉት ፋይሎች ሳይጎድሉ ካሉ የሰኞውን ቅጂ አስነስቶ ለውጦቹን አንድ በአንድ መድገምና እስከ ረቡዕ፣ ከዚያም አልፎ እስከሚፈለገው ቅጽበት መድረስ ይቻላል። ይህ አሠራር ከ8.0 እትም ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ያለ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ግን አንድ ነገር አለ። ፋይሎቹ የሚገለበጡበት ማከማቻ ቢሞላ ወይም ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሰርቨሩ ያልተገለበጡትን ፋይሎች አይሰርዝም፤ እየተጠራቀሙ የራሱን ዲስክ ሞልተው ሥራ እስከማስቆም ሊደርሱ ይችላሉ።

እስከ አንድ ቅጽበት ድረስ መመለስ በተለይ የሚያስፈልገው ለሰው ስህተት ነው። አንድ ሠራተኛ የትኞቹ ረድፎች እንደሚሰረዙ የሚወስነውን ሁኔታ ሳይጽፍ የመሰረዣ ትእዛዝ ቢልክ ሰንጠረዡ ባዶ ይሆናል። ከዋናው ጋር እኩል የሚሄድ ተከታይ ሰርቨር ቢኖርም አያድንም፤ ስረዛውንም ወዲያው ተቀብሎ ይፈጽመዋልና። መፍትሔው ከስረዛው ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲቆም አድርጎ መመለስ ነው።

ለኢትዮጵያውያን አስተዳዳሪዎች እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠር ወጥመድ አለ። ሠራተኛው «ስህተቱ የተፈጠረው ከቀኑ 8:30 ላይ ነው» ቢል በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 14:30 ማለቱ ነው፤ ሰዓቱ በግሪንዊች መስፈርት በተሞላ ሰርቨር ላይ ደግሞ ይህ 11:30 ይሆናል። በዚህ ሰርቨር ላይ 14:30 ብሎ የጻፈ ሰው ከስረዛው ሦስት ሰዓት አልፎ ስለሚሄድ ባዶውን ሰንጠረዥ መልሶ ያገኘዋል። 8:30 ብሎ የጻፈው ደግሞ ከረፋዱ 5:30 ላይ ቆሞ የሦስት ሰዓት ትክክለኛ ሥራ ያጣል። ከሰዓቱ ጎን የሰዓት ክልሉን፣ ማለትም +3ን፣ አብሮ መጻፍ ግርታውን ያስቀራል። ሰርቨሩ በመደበኛው አሠራር የተባለው ቅጽበት ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ሰንጠረዦቹ እንዲታዩ ይፈቅዳል። ገና ከሆነ ወደ ፊት ማስቀጠል ይቻላል፤ አልፎ ከሆነ ግን ወደ ኋላ መሄጃ ስለሌለ ሥራው ከቅጂው እንደ አዲስ ይጀመራል።

ያልተሞከረ ቅጂ

የመጠባበቂያ ችግር በአብዛኛው የሚታወቀው ቅጂው በተፈለገበት ቀን ነው። ብዙ የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 (ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.) በጊትላብ ኩባንያ የደረሰው ነው። አንድ መሐንዲስ ወደ ኋላ የቀረውን ተከታይ ሰርቨር እንደ አዲስ ለማስጀመር የመረጃ ማውጫውን ሲሰርዝ፣ ትእዛዙ የተፈጸመው በዋናው ሰርቨር ላይ ሆነ። ስህተቱን ወዲያው ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር።

ኩባንያው በየቀኑ ቅጂ እንደሚወሰድ ያምን ነበር። ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ግን የ9.2 እትም፣ ሰርቨሩ ደግሞ የ9.6 እትም በመሆናቸው ሥራው ሳይሳካ ቆይቷል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም በተቀባዩ በኩል ውድቅ ይደረጉ ስለነበር ማንም አላየቸውም። ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በእጅ የተወሰደ የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ ሥራ ግን አልተመለሰም። ኩባንያው ዝርዝሩን ሳይደብቅ ለሕዝብ በማውጣቱ ጉዳዩ እስካሁን መማሪያ ሆኗል።

ጭማሪ ቅጂ ሲጠቀሙ ይህ አደጋ ይከፋል፤ ለአንድ መመለስ ብዙ ፋይሎች መገጣጠም አለባቸውና። ፒጂ ቬሪፋይባክአፕ የተባለው መሣሪያ ፋይሎቹ ከይዘት ዝርዝራቸው ጋር መስማማታቸውን ያረጋግጣል። ሰርቨሩ ከቅጂው በትክክል መነሳቱን የሚያሳየው ግን በሌላ ማሽን ላይ በእርግጥ አስነስቶ ሰንጠረዦቹን መጠየቅ ብቻ ነው። የፈጀውን ጊዜ መያዝም ይጠቅማል፤ አለቃ «መቼ ይመለሳል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ከዚያ ይገኛልና።

በሌሎች ሰርቨሮች

ማይኤስኪውኤል ለውጦችን ባይነሪ ሎግ በተባለ መዝገብ ይይዛል፤ ሙሉ ቅጂ ከተመለሰ በኋላ መዝገቡን በመድገም ወደሚፈለገው ቅጽበት መድረስ ይቻላል። ኦራክል ከ10ጂ እትም ጀምሮ የተለወጡትን ብሎኮች በተለየ ፋይል መከታተል ይችላል።

በስያሜ ረገድ ተማሪዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር «ዲፈረንሻል» የሚባለው ከመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ወዲህ ያለውን ለውጥ ሁሉ የሚይዝ ነው፤ በየቀኑ እየገዘፈ ቢሄድም ለመመለስ ሙሉው ቅጂና የመጨረሻው ዲፈረንሻል ብቻ ይበቃሉ። ኦራክል ይህንኑ «ኪውሙሌቲቭ» ይለዋል። «ዲፈረንሻል» የሚለውን ስም የሚሰጠው ካለፈው ጭማሪ ወዲህ ያለውን ብቻ ለሚይዘው፣ ማለትም እንደ ሰንሰለት ለሚያያዘው ዓይነት ነው።