ተረት ተረት

ተረት ተረት በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ በቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የፈጠራ ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ የልጆች ብቻ ተደርጎ ይታያል። ሆኖም የሚተርኩት አዋቂዎች ናቸው፤ ጉዳዩም ረሃብ፣ ፍርድ፣ ተንኮልና ጉልበት ስለሆነ ሰው በዕድሜ ሲገፋም አይሰለቸውም።

አተራረክ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ የወገራ ደጋ ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ብርድ ነው። እንዲህ ባለ ደጋ አገር ከብት ከገባ፣ እራትም ከተበላ በኋላ ቤተሰቡ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የተረት ሰዓትም ይኸው ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ይህ ምልልስ ሁለት ሥራ አለው። የሚከተለው ነገር እንደ እውነተኛ ወሬ እንዳይወሰድ ያስታውቃል፤ ነቅቶ የሚያዳምጠው ማን እንደሆነም ለተራኪው ይነግረዋል። ተረቱ ሲያልቅ ተራኪው አድማጮቹ ተረቱን እንዲመልሱለትና አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል። በዚህም ልጁ ከአድማጭነት ወደ ተራኪነት ይሸጋገራል።

ገጸ ባሕርያት

በብዛት የሚነሡት አንበሳ፣ ጅብ፣ ጦጣ፣ ቀበሮ፣ ዝንጀሮና አህያ ናቸው። ጅብ «አያ ጅቦ»፣ ጦጣ «እመት ጦጢት» ይባላሉ። «አያ» ለታላቅ ወንድም፣ «እመት» ለተከበረች ሴት የሚሰጡ የአክብሮት መጠሪያዎች ናቸው። ጅብ በደጋው ገበሬ ዘንድ ከብት የሚነጥቅ እውነተኛ አስፈሪ ጎረቤት ነው፤ በተረት ውስጥ ግን ሆዳም ሞኝ ሆኖ በትንሿ ጦጣ ይታለላል። ደካማው በብልሃት ጉልበተኛውን ሲያሸንፍ ልጅም ድሃም እኩል ይደሰታሉ።

ልጅና አዋቂ የሚያገኙት

ልጅ ተረትን ከመነሻው እስከ መድረሻው ይሰማል፤ አዋቂ ደግሞ አሳጥሮ በምሳሌያዊ አነጋገር ይጠቀምበታል። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ለዚህ ማስረጃ ነው። ልጅ በቁርበት ላይ ሊተኛ በፈለገው ጅብ ይስቃል። በሸንጎ ወይም በሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የሚያስበው ያለፈ ሥራውን ደብቆ በባዕድ አገር ክብር ስለሚሻ ሰው ነው። ማንም በስሙ ሳይጠራ ተግሣጹ ይደርሳል።

ሌላው ምሳሌ ሀሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። አርሃ የተባለ አገልጋይ ያለ ልብስና ያለ እሳት በተራራ ጫፍ ላይ ሌሊቱን ቢያሳልፍ ቤት፣ ከብትና መሬት እንዲሰጠው ከጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ እሳት ያነድለታል፤ አርሃም ያን እያየ ሌሊቱን ይዘልቃል። ጌታው ግን «እሳት ማየት እንደ መሞቅ ነው» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። በኋላ ኃይሉ የተባለ ብልህ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብዣ ጠርቶ የምግቡን ሽታ ብቻ ያሸትታቸዋል። እሳት በማየት የሚሞቅ ካለ በማሽተትም ይጠገባል ማለት ነው። ልጅ በተራቡት እንግዶች ይስቃል፤ ፍርድ ቤት ተመላልሶ የሚያውቅ ሰው ግን ፍርዱን ያስተውላል። በዓለም አቀፉ የተረት ዓይነቶች ማውጫ ይህ ታሪክ ቁጥር 1262 ሲሆን፣ ተመሳሳዩ በናስረዲን ሆጃ ስምም ይነገራል።

በሌላው ዓለም

ተረት መጀመሪያውኑ ለልጆች ብቻ አለመሆኑ በአውሮፓም ይታያል። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ሲንደሬላን የመሰሉ ተረቶችን ለቤተ መንግሥት አካባቢ አንባቢዎች አቀረበ። የጀርመን ወንድማማቾች ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጡት መጽሐፍ የምሁራን ማብራሪያ ነበረው። በኋለኞቹ እትሞች ለቤተሰብ እንዲስማማ ተለሳልሷል፤ ለምሳሌ በሃንዘልና ግሬትል ልጆቿን በጫካ የምታስጥለው እናት በእንጀራ እናት ተተክታለች።

ከቃል ወደ መጽሐፍና ቴሌቪዥን

በኢትዮጵያ የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» አገራዊና የውጭ ተረቶችን በግጥም አቅርቦ በተማሪዎች ዘንድ ታውቋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ተስፋዬ ሳህሉ፣ በሕዝብ ስማቸው አባባ ተስፋዬ፣ ለአሥርት ዓመታት ለልጆች ተረት ነግረዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በልጅነታቸው ያዳመጧቸው ብዙዎች ራሳቸው ወላጆችና አያቶች ነበሩ።

መጽሐፍና ቴሌቪዥን ተረቱን ከመጥፋት ያድናሉ፤ «የላም በረት» የሚል መልስ ግን አይጠብቁም። በእሳት ዙሪያ የሚተርክ ሰው የሚፈራውን ልጅ አይቶ ጅቡን ያሞኘዋል፣ የተጣሉ ጎረቤቶች ካሉ የፍርድ ተረት ይመርጣል። አንድ ተረት ለሁሉም ዕድሜ የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተራኪው ፊት ለፊቱ ለተቀመጡት ሰዎች ይለካዋል።