የጎደለ ትእምርተ ጥቅስና የተበጣጠሰ ትእዛዝ

አውቶማቲክ የሶፍትዌር ግንባታ ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጥ፣ የሚፈትሽና ለተጠቃሚ የሚያዘጋጅ ሂደት ነው። አዲስ ለውጥ በደረሰ ቁጥር አንድ ኮምፒውተር የሰው እጅ ሳይገባበት ብዙ ትእዛዞችን በተራ ይፈጽማል። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ የጽሑፍ መስመር ነው። መጀመሪያ የፕሮግራሙ ስም ይመጣል፤ ቀጥሎ አርጊውመንት የሚባሉት የፋይል ስሞች፣ አማራጮችና እሴቶች ይከተላሉ። ከእነዚህ አንዱ ያለ ቦታው ከተቆረጠ ግንባታው ግራ የሚያጋባ መልእክት ሰጥቶ ይቆማል። የከፋው ደግሞ የተሳሳተ ሥራ ሠርቶ በሰላም እንደ ተጠናቀቀ ሲያስታውቅ ነው።

መስመሩን የሚከፋፍለው ሼል የተባለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ ሼል ክፍት ቦታ ሲያገኝ አንዱ አርጊውመንት አብቅቶ ሌላው እንደ ጀመረ ይቆጥራል። «የሰኔ ሪፖርት» የተባለ ፎልደር እንዲሰረዝ ታዞ ስሙ በትእምርተ ጥቅስ ካልታጠረ፣ የሚሰርዘው ፕሮግራም «የሰኔ» እና «ሪፖርት» የሚሉ ሁለት ስሞች ይደርሱታል። ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንዳለ ይጠብቃል። ድርቡ ክፍት ቦታን ይጠብቃል፤ በዶላር ምልክት የሚጀምር ቫሪያብል ግን በእሴቱ እንዲተካ ይፈቅዳል። ቫሪያብሉ ያለ ድርብ ትእምርተ ጥቅስ ሲጻፍ ሼሉ መጀመሪያ እሴቱን ይተካል፤ ከዚያም የተተካውን መልሶ ይቆራርጠዋል። የፎልደሮቹ ስም ክፍት ቦታ እስከሌለው ድረስ ይህ ጉድለት ለዓመታት ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የአይቱንስ 2 መጫኛ በማክ ኮምፒውተሮች ላይ፣ ስማቸው ክፍት ቦታ ካለበት ዲስኮች የተጠቃሚዎችን ፋይሎች ሰርዟል፤ አፕልም ፈጥኖ የታረመ ቅጂ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ባምብልቢ በተባለ የሊኑክስ ፕሮግራም መጫኛ ስክሪፕት ውስጥ፣ በአንድ የፋይል አድራሻ መካከል ያልታሰበ ክፍት ቦታ ገባ። አንድ ንዑስ ፎልደር ብቻ ሊሰርዝ የታሰበው ትእዛዝ የስርዓቱን ፕሮግራሞች የያዘውን ዋና ፎልደር በሙሉ አጠፋ።

በአውቶማቲክ ግንባታ ውስጥ ችግሩን የሚያወሳስበው ትእዛዙ በብዙ አንባቢዎች እጅ ማለፉ ነው። መስመሩን መጀመሪያ የግንባታው የማዋቀሪያ ፋይል አንባቢ ያየዋል፤ ቀጥሎ እንደ ሜክ ያለ መሣሪያ፣ ከዚያ ሼሉ፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ራሱ ይቀበሉታል። ሁሉም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ ለአንዱ የተጻፈ ትእምርተ ጥቅስም ለቀጣዩ ላይደርስ ይችላል። ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ የሠራው ሜክ የዶላር ምልክትን ከሼሉ ቀድሞ ለራሱ ይወስዳል፤ ቅንፍ ከሌለም ቀጥሎ ያለውን አንድ ፊደል ብቻ እንደ ቫሪያብል ስም ይቆጥራል። ስለዚህ ሼሉ የሚደርሰው የመጀመሪያ ፊደሉን ያጣ ስም ነው። ምልክቱ ለሼሉ እንዲደርስ ከተፈለገ ሁለት ጊዜ ይጻፋል።

ዊንዶውስ ሌላ መንገድ ይከተላል። ዩኒክስ ለአዲስ ፕሮግራም የተለያዩ አርጊውመንቶችን በዝርዝር ሲያስረክብ፣ ዊንዶውስ ሙሉውን መስመር እንዳለ ይሰጠዋል፤ መከፋፈሉ የፕሮግራሙ ድርሻ ይሆናል። የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ነጠላ ትእምርተ ጥቅስን እንደ ማጠሪያ ስለማያውቀው፣ ለሊኑክስ የተጻፈ ትእዛዝ ምልክቱን እንደ ስም አካል ይዞ ያልፋል። የፋይል አድራሻ በባክስላሽ አብቅቶ ወዲያው ድርብ ትእምርተ ጥቅስ ከተከተለው፣ ብዙ ፕሮግራሞች መዝጊያውን እንደ ተራ ፊደል ያነቡትና ቀጣዩን አርጊውመንት ከፊተኛው ጋር ይቀላቅሉታል።

ብልሽቱን ለማግኘት የመጀመሪያው እርምጃ ፕሮግራሙ በትክክል የተቀበለውን ማየት ነው። የሼሉን የመከታተያ ሁነታ ማብራት እያንዳንዱን ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት፣ ቫሪያብሎቹ ከተተኩ በኋላ ባለው መልኩ ያሳያል። በፕሮግራሙ ምትክ እያንዳንዱን አርጊውመንት በቅንፍ ከብቦ በየመስመሩ የሚያትም አጭር ስክሪፕት ማስገባት ደግሞ ጥርጣሬን ያስወግዳል። ቀጥሎ ትእዛዙ በቀጥታ በሼል ውስጥ፣ ከዚያ በሜክ፣ በመጨረሻም በሙሉው ግንባታ ይሞከራል፤ ውጤቱ የተለወጠበት ደረጃ የስሕተቱ መነሻ ነው።

ለመከላከል ቫሪያብሎችን ሁልጊዜ በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ማጠር፣ ስክሪፕቶችን እንደ ሼልቼክ ባለ መሣሪያ ማስመርመርና ግንባታውን ስሙ ክፍት ቦታ ባለበት ፎልደር ውስጥ አዘውትሮ መሞከር ይጠቅማል። ከሁሉ የሚሻለው ግን፣ የፕሮግራም ቋንቋው ከፈቀደ፣ ሼሉን ጨርሶ ማለፍ ነው። ፓይተንን የመሰሉ ቋንቋዎች አርጊውመንቶችን በዝርዝር መልክ ስለሚያስተላልፉ፣ በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ በመካከል የሚቆራርጣቸው አንባቢ አይኖርም።