ክፍል ቁጥር 29

በ1937 ኦዴሳ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ እገባለሁ ብሎ መጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 22 ዓመቱ ነው፤ ፒያኖ ለሚማር ሰው ዘግይቷል። አባቱ ኦርጋን ተጫዋች ስለነበሩ ቤት ውስጥ ከለቃቀመው በቀር በወጉ ያስተማረው አልነበረም። የሚተዳደረው በኦዴሳ ኦፔራ ቤት ዘፋኞች ሲለማመዱ ፒያኖ እየተጫወተላቸው ነበር። ተቀምጦ ሲጫወት ሲያዳምጡ የነበሩት ፕሮፌሰር አጠገባቸው ወዳለች ተማሪ ጠጋ ብለው፣ ይህ ልጅ ሊቅ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ሹክ አሏት።

ልጁ ስቪያቶስላቭ ሪክተር ነበር። ፕሮፌሰሩ ሄንሪክ ኖይሃውስ።

ኖይሃውስ በ1888 ዛሬ የዩክሬን ግዛት በሆነችው በኤሊሳቬትግራድ ተወለዱ። አባታቸውና እናታቸው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነበራቸው። አጎታቸው ፌሊክስ ብሉመንፌልድም የታወቁ መምህር ናቸው፤ ዝነኛውን ፒያኖ ተጫዋች ቭላድሚር ሆሮዊትዝን ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ። ኖይሃውስ ራሳቸው የመድረክ ሰው ነበሩ፤ በ1933 ግን ዲፍቴሪያ ይዟቸው ክንዳቸውን ጎዳው። ከዚያ በኋላም መጫወቱን አልተዉም፤ ስማቸውን ያቆየው ግን ከ1922 ጀምሮ በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ያስተማሩት ትምህርት ነው።

የሚያስተምሩበት ክፍል ቁጥር 29 በር ዘግተው ሁለት ሰዎች ብቻ የሚቀመጡበት አልነበረም። አንዱ ተማሪ ሲጫወት ሌሎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ያዳምጣሉ፤ ተራው ያልደረሰው ሁሉ ከባልንጀራው ስህተት ይማራል። መምህሩ ስለ ጣት አቀማመጥ ሲናገሩ ቆይተው ወደ ግጥም፣ ከግጥም ወደ ሥዕል ይሻገራሉ። ፒያኖ ብቻውን እንደ ሙሉ ኦርኬስትራ እንዲሰማ ይፈልጋሉ፤ ይህ ድምፅ የቫዮሊን ነው፣ ያኛው የቀንደ መለከት ነው ይላሉ። በ1958 በታተመው የፒያኖ አጨዋወት ጥበብን በሚያስረዳው መጽሐፋቸውም የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ሙዚቃው አስቀድሞ በተጫዋቹ ጆሮና ሐሳብ ውስጥ መሰማት አለበት፣ ጣት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መምህርም በተቻለው ፍጥነት ለተማሪው የማያስፈልግ ሰው እስኪሆን መጣር አለበት ይላሉ። ለተማሪ ስም ለሚሻሙ አስተማሪዎች ይህ ደስ የሚል ምክር አይደለም።

ሪክተር ግን አስቸጋሪ ተማሪ ነበር። የፖለቲካ ትምህርት አልማርም በማለቱ ሁለት ጊዜ ተባረረ፤ የመለሱት ኖይሃውስ ናቸው። ሞስኮ ውስጥ ማደሪያ ስላልነበረውም በመምህሩ ቤት ፒያኖው ሥር ይተኛ ነበር። ኖይሃውስ ለዚህ ልጅ የማስተምረው ነገር የለኝም ማለት ይቀናቸው ነበር። ተማሪው አይስማማም፤ የሊስትን ሶናታ አብረው ሲሠሩ ከመምህሩ ያገኘው ትልቁ ነገር ዝምታ ምን እንደሆነ ማወቅ መሆኑን ተናግሯል። በሁለት ድምፅ መካከል ያለችው ባዶ ቦታም ሙዚቃ ናት።

በዚያው ዘመን ሌላ የኦዴሳ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ኤሚል ጊለልስ። እሱ ሲመጣ በ1933 የመላው ሶቪየት ውድድር ያሸነፈ፣ ስሙ የታወቀ ወጣት ነው። ከኖይሃውስ ዘንድ ከ1935 እስከ 1938 ቆየ፤ በ1938ም በብራሰልስ ውድድር አንደኛ ወጣ። ሁለቱን በቀረጻ ያዳመጠ ሰው ከአንድ ክፍል ወጡ ብሎ ለመገመት ይቸገራል፤ የጊለልስ ድምፅ እንደ ነሐስ የጠራና የከበደ ነው፣ ሪክተር ደግሞ ቀጥሎ የሚያደርገው አይታወቅም። ለኖይሃውስ መምህርነት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም ባይ ነኝ። ጊለልስ ግን እውነተኛ መምህሬ ኦዴሳ ያስተማሩኝ ቤርታ ራይንግባልድ ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ ይህም በመጨረሻ በእሱና በኖይሃውስ መካከል ቅሬታ ፈጠረ።

በኅዳር 1941 የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲቃረብ ኖይሃውስ ከተማዋን አልለቀቁም ነበር። ስማቸው ጀርመናዊ ነውና ጠላትን ይጠብቃሉ ተብለው ታሰሩ። በሉብያንካ እስር ቤት ስምንት ወር ያህል ቆይተው ወደ ኡራል፣ ስቬርድሎቭስክ ተጋዙ። እዚያም ማስተማር ቀጠሉ፤ ሞስኮ የተመለሱት በ1944 ነው።

በ1958 የመጀመሪያው የቻይኮቭስኪ ውድድር በሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ሲካሄድ የፒያኖ ዳኞቹ ሰብሳቢ ጊለልስ ነበር፤ ሪክተርና ኖይሃውስም በዳኝነት ተቀምጠዋል። ያሸነፈው ቫን ክላይበርን የተባለ አሜሪካዊ ነው። የሚገርመው፣ ኒው ዮርክ በጁልያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እሱን ያስተማሩት ሮዚና ሌቪን ራሳቸው የሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ምሩቅ ነበሩ።

ኖይሃውስ በ1964 አረፉ። ከመጨረሻዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዱ ሮማንያዊው ራዱ ሉፑ ነው፤ በ1969 የሊድስን ውድድር አሸንፎ ኑሮውን በምዕራብ አውሮፓ አደረገ። መድረክ ላይ ከተለመደው የፒያኖ መቀመጫ ይልቅ ጀርባ ባለው ወንበር ተደግፎ ይጫወት ነበር።

ከሁሉ ዝነኛ የሆነው ሪክተር ማስተማር አይወድም ነበርና ተማሪ አላፈራም። ክፍሉን ወደ ቀጣዩ ትውልድ ያሻገሩት ውጭ አገር ብዙም ስማቸው የማይነሳ የኖይሃውስ ተማሪዎች ናቸው። ከእነሱም የኖይሃውስ ረዳት የነበሩት ሌቭ ናውሞቭ በ1974 የቻይኮቭስኪን ውድድር ያሸነፈውን አንድሬ ጋቭሪሎቭን አስተማሩ። ቬራ ጎርኖስታዬቫ ካስተማሯቸው አንዱ አርመናዊው ሰርጌ ባባያን ነው። ባባያን አሜሪካ ገብቶ በክሊቭላንድ የሙዚቃ ተቋም ማስተማር ያዘ፤ በ2009 ዳኒል ትሪፎኖቭ የሚባል የ18 ዓመት ሩሲያዊ ሊማርበት ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ሞስኮ ተመልሶ የቻይኮቭስኪን ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ኖይሃውስ በዳኝነት በተቀመጡበት ኮንሰርቫቶሪ።