ዐይን የሚያርፍበት ስፍራ

በጉለሌ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባለው በሽሮ ሜዳ ገበያ አንዲት እመቤት ለልጃቸው ሰርግ ነጠላ ሊገዙ የገቡ እንደ ኾነ፥ ከተሰቀለው ልብስ ኹሉ አስቀድሞ ዐይናቸው የሚያርፈው በጥለቱ ላይ ነው። ሸማኔው ግን ያንኑ ነጠላ ሲያነሣ ጥለቱን አልፎ ነጩን ስፍራ ይመረምራል፤ የሚፈልገው የተበጠሰ ክር ነውና። ልብሱ አንድ ሲኾን የሁለቱ አመለካከት ግን የተለያየ ነው።

ይህን ማንሣታችን፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ሥዕልን አይቶ ይህ ሰው ነው፥ ይህ በሽታ ነው እያለ መመለስ ስለ ጀመረ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የምትባለው ሰው መሳይ ሮቦት አዲስ አበባን ጐብኝታ ነበር። ከውስጣዊ ሥራዋም ጥቂቱን ያዘጋጁት በዚሁ ከተማ ያሉ የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ናቸው። ሶፊያ በካሜራ ዐይኗ የሰውን ፊት ትከተላለች። ነገር ግን መከተል ማስተዋል ነውን?

አስቀድሞ ስለ ራሳችን ዐይን እንናገር። ክንድዎን ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጥፍር ይመልከቱ፤ ዐይን አጥርቶ የሚያየው ከዚያ ብዙ የማይበልጥ ስፍራ ነው። የቀረው ኹሉ ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ዐይን በአንድ ሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘላል። ያርቡስ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በዚህ ነገር በጻፈውና በ1967 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ አንዱን ሥዕል ለአንድ ሰው አሳይቶ ስለ ሰዎቹ ዕድሜ ሲጠይቀውና ስለ ሀብታቸው ሲጠይቀው የዐይኑ መንገድ ይለወጥ ነበር። ዐይንን የሚያዘው ጥያቄው ነው ማለት ነው።

ካሜራ ግን ጥለቱንም ነጩንም እኩል ይቀበላል። በ1998 ኢቲ፥ ኮክና ኒቡር የተባሉ ሊቃውንት በቀለም፥ በብርሃንና በመሥመር አቅጣጫ ከአካባቢው የተለየውን ስፍራ ኮምፒዩተር እንዲመርጥ አደረጉ። ይህ የገዢዋን ዐይን ይመስላል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ መሣሪያው እንደ ቀረበለት ጥያቄ ለሥዕሉ ክፍሎች ልዩ ልዩ ክብደት መስጠትን ተማረ፤ ይህም ወደ ሸማኔው ዐይን ቀረብ ይላል። ቀረብ ይላል እንጂ አንድ ነው አንልም፤ በ2016 የሰውና የመሣሪያ አመለካከት ጐን ለጐን በተመረመረ ጊዜ ብዙም ሳይስማማ ቀርቷል።

ነገሩ ስለ ነጠላ ብቻ ቢኾን ባላሳሰበንም ነበር። ነገር ግን በዚያው በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ፤ በእንዲህ ያለ ቤት በራጅ ሥዕል ላይ የታየው ወይም ያልታየው የሰው ሕይወት ነው። በ2018 በአሜሪካ የታተመ ምርምር፥ የሳንባ ምችን ከራጅ እንዲለይ የተማረ መሣሪያ ሥዕሉ ከየትኛው ሆስፒታል እንደ መጣ ጭምር ማወቁን ገለጠ። ሳንባውን ትቶ በሥዕሉ ጠርዝ ሠራተኞች ያስቀመጡትን የብረት ምልክት ይመለከት ነበር። በአንዱ ሆስፒታል ምች የበዛ እንደ ኾነ፥ ምልክቱን ማየት ብቻ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ መልስ ያስገኛል። ሐሰተኛ መልስ ቶሎ ይጋለጣል፤ ከተሳሳተ ስፍራ የተገኘ ትክክለኛ መልስ ግን ሌላ ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ ተመስግኖ ይኖራል።

በሰውም ፊት መኵራት አይገባንም። በ2013 ለ24 የራጅ ሐኪሞች የሳንባ ሥዕል ቀርቦላቸው እባጭ ሲፈልጉ፥ በሥዕሉ ውስጥ ኾን ተብሎ የገባውን የጐሬላ ምስል 20ው አላዩትም።

አሁን ሊቃውንቱ መሣሪያው የተመለከተበትን ስፍራ በቀለም እንዲያመለክት ያደርጉታል፤ ሐኪሙም ቀለሙ በሳንባው ላይ ወይም በጠርዙ ላይ መኾኑን ያያል። ቀለሙም ቢኾን ምክንያቱን ኹሉ አይገልጥም። ስለዚህ የልጅዎን ራጅ ኮምፒዩተር አንብቦታል የተባለ እንደ ኾነ፥ ምን አለ ከማለት ጋር የቱን ስፍራ አይቶ አለ ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር የለበትም። በሽሮ ሜዳም ብልህ ገዢ ነጠላውን ወደ ብርሃን አንሥተው ሸማኔውን፥ «የቱ ጋ ነው የቀጠልኸው?» ይሉታል።